ቀኗን የምትቆጥር ችግኝ እንደ በርበሬ አትዛወርም

ይድረስ ለዝግጅት ክፍሉ፦

እንደምን ሰነበታችሁ። ጋዜጣችሁን ቅዳሜ ቅዳሜ እንጀራ ስገዛ አብሬ ይዤ እገባለሁ፤ የጓሮ አትክልቱን ዓምድ ሳላነብ አልተኛም። ባለፈው እትም አንድ የሜሪላንድ አንባቢ "አውቶፍላወር የሚባለውን የካናቢስ (የማሪዋና) ዘር ዘርቼ በቅሎልኛል፤ ጀማሪ ነኝ፤ ምን ዓይነት አፈር ልጠቀም? መቼስ ላዛውር?" ብሎ ጠይቋችሁ ነበር። የሰጣችሁት መልስ "የጓሮ አፈር ከፍግ ጋር ቀላቅል፤ ልክ እንደ በርበሬ ችግኝ ወር ተኩል ሲሆናት ነቅለህ ትልቁ ዕቃ ውስጥ ትከላት" የሚል ነው።

ለበርበሬ ቢሆን መልሱ ትክክል ነው። ለዚህች ተክል ግን አፈሩም ቀኑም ስህተት ነው። እንዲህ በድፍረት የምናገረው ራሴ አድርጌው ስላየሁት ነው። ችግኝ የገደልኩት በእናንተው ምክር ዓይነት ነው፤ ያውም የችግኝ ሙያተኛ ሆኜ።

ደብረ ብርሃን አካባቢ በመንግሥት ችግኝ ጣቢያ 9 ዓመት ሠርቻለሁ። ፖት መሙላት፣ መደብ ማውጣት፣ ማፍላት፣ ማሳሳት፣ ዳስ ማልበስ፣ ሥር መግረዝ የዕለት እንጀራዬ ነበር። ጽዱን፣ ወይራውን፣ ባሕር ዛፉን በእጄ አሳልፌያለሁ። አሜሪካ ከገባሁ 22 ዓመት ሆነኝ፤ ዜግነት ወስጃለሁ፤ ቤቴ ሲልቨር ስፕሪንግ ነው። አላጨስም፤ ማንንም አጭሱ አልልም። ከዚህ ተክል ጋር ያገናኘኝ የወንድሜ ልጅ ነው። እዚሁ ተወልዶ ያደገ፣ 34 ዓመቱ የሆነ፣ ከእኔ ጋር የሚኖር ልጅ ነው። ሜሪላንድ ከጁላይ 1፣ 2023 ጀምሮ ስትፈቅድ "አክስቴ፣ ቤዝመንት ውስጥ ላብቅል" አለኝ። ሦስት ወር እምቢ አልኩት። በመጨረሻ ሕጉን ቁጭ ብለን አነበብን፤ ክፍሉ በቁልፍ እንዲዘጋ፣ አንዱ ቁልፍ እኔ ዘንድ እንዲቀመጥ ተስማምተን ፈቀድኩለት። የልጅ ልጆቼ እሑድ እሑድ ይመጣሉ፤ ስለዚህ ቁልፉ ለእኔ ዋና ነገር ነበር።

እጄን ላለማስገባት አስቤ ነበር። ግን ችግኝ ቤቴ ውስጥ ሲጠወልግ እያየሁ ማለፍ አልቻልኩም።

መጀመሪያ የሠራሁት እንደለመድኩት ነው። በጣቢያችን የፖት አፈር 3 እጅ አፈር፣ 2 እጅ የበሰለ ፍግ ወይም የደን አፈር፣ 1 እጅ አሸዋ ነበር። ከጓሮዬ ቆፍሬ በዚያው ልክ ቀላቀልኩለት። የሲልቨር ስፕሪንግ አፈር ግን ቀላ ያለ ሸክላ ነው። ሜዳ ላይ ሆኖ ትል ሲያላውሰውና ውርጭ ሲሰነጣጥቀው ደህና ነው፤ ዕቃ ውስጥ ተከቶ ውኃ ሲጠጣ ግን ጭቃ፣ ሲደርቅ ጡብ ይሆናል። ከሁለቱ ችግኞች አንዷ በ6ኛው ቀን ወደቀች። ጎንበስ ብዬ ሳያት ግንዷ ከአፈሩ ጋር የሚገናኝበት ቦታ ላይ በክር እንደታሰረ ሁሉ ቀጥኗል፤ ከዚያ በላይ ያለው ቅጠል ገና አረንጓዴ ነው። አፈር ውስጥ የሚኖር ሻጋታ ነው ይህን የሚያደርገው፤ ርጥበት ሲበዛና አየር ሲያጥር ይነሣል። ሌላዋ አልሞተችም፤ አላደገችምም።

ሁለተኛውን ዙር ልጁ ከሱቅ አፈር ገዝቶ ጀመረ። ከረጢቱ ላይ "እስከ 6 ወር ይመግባል" ይላል። አፈሩን በእጄ ሳፍሰው የሰናፍጭ ፍሬ የሚያህሉ ክብ ክብ ነገሮች አሉበት። ቀስ እያለ የሚለቅ ማዳበሪያ ነው። ለአበባና ለቁጥቋጦ ጥሩ ሊሆን ይችላል። ይህች ተክል ግን ከዘር እስከ አጨዳ ዕድሜዋ ከሞላ ጎደል ከ10 እስከ 12 ሳምንት ነው፤ የ6 ወር ስንቅ ምን ያደርግላታል? ቀለቡ የሚለቀቀው እንደ ሙቀቱና እንደ ርጥበቱ እንጂ እንደ ችግኟ ፍላጎት አይደለም። ቤዝመንቱ ውስጥ ያለው መብራት ሞቃት ነው፣ ልጁም ውኃ ያበዛል። በ12ኛው ቀን የቅጠሎቹ ጫፍ ምጣድ እንደነካው ቡናማ ሆኖ ወደ ላይ ተጠቀለለ።

በዚህ ላይ የማዛወሩ ጥፋት ተጨመረ፤ ይኸኛው የእኔ ነው። ችግኞቹ የነበሩት በፕላስቲክ ኩባያ ነው። "ይጠንክሩ እንጂ፣ አትቸኩል" እያልኩ ልጁን አስቆየሁት። በ24ኛው ቀን ኩባያውን ገልብጬ ሳወጣት ሥሩ ታችኛውን ዙሪያ እንደ ሙዳይ ስፌት ተጠምዝዞ ጠቅልሎታል። እኔም እንደ ጣቢያ ልማዴ የዞረውን ሥር በጣቴ ፈትቼ፣ የረዘመውን ገረዝኩት። ለጽድ ችግኝ እንደዚያ ማድረግ ደግ ነው። ይህች ግን 9 ቀን ሙሉ ባለችበት ቆመች፤ አዲስ ቅጠል የለ፣ ቁመት የለ። ከዚያ በወሯ ገደማ በቅርንጫፎቿ ብብት ላይ ነጭ ፀጉር የሚመስል ነገር አወጣች። ማበብ ጀመረች ማለት ነው፤ ቁመቷ ስንዝር ነበር። እስከ መጨረሻውም ከስንዝር ብዙ አላለፈችም።

እንግዲህ ነገሩ ያለው እዚህ ላይ ነው። የተለመደው ካናቢስ የሚያብበው ሌሊቱ ሲረዝም፣ ወደ 12 ሰዓት ሲጠጋ ነው። ቢጎዳ ሰው መብራቱን አርዝሞ ሁለትና ሦስት ሳምንት ሊያስታምመው ይችላል። አውቶፍላወር ግን ይህን ጠባይ የወረሰችው ሩደራሊስ ከሚባለው የዱር ዝርያ ነው፤ ያኒሼቭስኪ የሚባል ሩሲያዊ የዕፅዋት ሊቅ በ1924 ስም ያወጣለት ነው። በጋው አጭር በሆነበት አገር የኖረ ተክል ስለሆነ የብርሃኑን ርዝመት አይጠብቅም፤ የራሱን ቀን ይቆጥራል። ሦስት፣ አራት ወይም አምስት ሳምንት ሲሞላው፣ ትልቅም ይሁን ትንሽ፣ ደህናም ይሁን ታማሚ፣ ያብባል። ክረምቱን የማይጠብቀውን የበልግ ገብስ ለሚያውቅ የአገሬ ሰው ይህ እንግዳ ነገር አይደለም።

በርበሬን እዩት። መደብ ላይ ወር ተኩል፣ ሁለት ወር ይቆያል፤ ተነቅሎ ሲተከል ሳምንት ይጠወልጋል፤ ከዚያ ያገግማል፤ ከፊቱ ገና ወራት አሉት። ለበርበሬ የጠፋው ሳምንት ይመለሳል። ለዚህች ግን ማደጊያዋ በጠቅላላው አራት ሳምንት ገደማ ነው፤ ከዚያ ላይ 9 ቀን መቀነስ ምን ማለት እንደሆነ በዓይኔ አይቻለሁ። እናንተ ባላችሁት በ45 ቀኗ ብትዛወር ደግሞ ሙሉ አበባ ላይ ሆና ሥሯ ይነካል።

ስለ አፈሩ ልመለስ፤ ከሁሉም በላይ ጀማሪን የሚያስተው እሱ ነው። እኛ "ጥሩ አፈር" ስንል ጥቁር፣ የሰባ፣ ከበድ የሚል አፈር በዓይናችን ይመጣል። ዕቃ ውስጥ ለምትበቅል ሕፃን ችግኝ ግን ጥሩ አፈር ማለት ቀላል፣ አየር ያለው፣ ምግቡም ለዘብ ያለ ነው። ሥር ውኃን ብቻ ሳይሆን አየርንም ይጠጣል። አሁን የምንጠቀመው ይኼ ነው፦ 2 እጅ ማዳበሪያ ያልበዛበት፣ ከፒት ሞስ (ከረግረግ ቦታ ከሚወጣ ቀላል የበሰበሰ ዕፅ) የተሠራ የችግኝ አፈር፣ 1 እጅ ፐርላይት፣ በላዩ ከአሥር አንድ የማይበልጥ የትል ፍግ። ፐርላይት ማለት ያ ነጩ፣ ቀላሉ ነገር ነው፤ ከእሳተ ገሞራ የተገኘ ብርጭቆ መሳይ ድንጋይ በኃይለኛ ሙቀት ሲነፋ እንደ ፈንዲሻ ይሆናል። ምግብ የለውም፤ ሥራው ለአየር ቦታ መያዝ ነው። የትሉን ፍግ ከላይ አናደርገውም፤ ከዕቃው ግማሽ በታች እንቀላቅለዋለን። ችግኟ ሕፃን ሳለች ለስላሳው ውስጥ ትኖራለች፤ ሥሯ ወርዶ ስንቁን ሲያገኝ እሷም ጠንክራለች። የአፈሩ ፒኤች (የኮምጣጣነቱ መለኪያ) ከ6 እስከ 7 ባለው ውስጥ ቢሆን ይስማማታል፤ ብዙዎቹ የሱቅ የችግኝ አፈሮች በዚህ አካባቢ ተስተካክለው ነው የሚመጡት።

የደረቀ ፒት ሞስ ውኃ አይቀበልም፤ ከላይ ቢያፈሱበት በጎንና በጎን ወርዶ ይፈሳል፣ መሃሉ ደረቅ ይቀራል። ስለዚህ ዕቃ ውስጥ ከመግባቱ በፊት ሰፋ ባለ ገበታ ላይ ለብ ያለ ውኃ እየረጩ እንደ በሶ ማሸት ነው። መጠኑን የማውቀውም እንደ በሶ ነው። ጭብጥ አድርጌ እጨብጠዋለሁ፤ እጄን ስከፍት ጭብጦው ቅርጹን ይዞ መቀመጥ አለበት፤ በአውራ ጣቴ ነካ ሳደርገው ደግሞ መፈርፈር አለበት። በጣቶቼ መሃል ውኃ ከወረደ በዝቷል። ነክቼው ካልተፈረፈረና እንደ ሊጥ ከተለጠፈ ሸክላ አለበት፤ ያን ፐርላይት ጨምሬ ለማዳን አልሞክርም፣ ለጎመን መደቤ እሰጠዋለሁ።

አንድ ነገር ደግሞ ከብዙ ሰው ስለምሰማ ልናገር፦ "ውኃው እንዲወርድ ከዕቃው ሥር ጠጠር አድርጉ" ይባላል። እኔም ለዓመታት ስል ኖሬያለሁ። ውኃ ግን ከደቃቅ አፈር ወደ ጠጠር በቀላሉ አይወርድም፤ ከጠጠሩ በላይ ያለው አፈር እስኪጠግብ እዚያው ተንጠልጥሎ ይቀራል። ስለዚህ ጠጠሩ ረግረጉን ወደ ሥሩ ያቀርበዋል እንጂ አያስወግደውም። ዕቃው ከታች ቀዳዳ ይኑረው፤ አፈሩ ከላይ እስከ ታች ያው ቀላል አፈር ይሁን፤ ይበቃል። እኛ 15 ሊትር የሚይዝ የጨርቅ ዕቃ ነው የያዝነው፤ በጎኑም ይተነፍሳል።

በሦስተኛው ዙር ሁለቱን ዘሮች ለየብቻ አየናቸው። አንደኛዋን እዚያው በመጨረሻው ዕቃ ውስጥ ዘራናት፤ ጨርሶ እንዳትዛወር። ሁለተኛዋን በኩባያ ጀምረን በ12ኛው ቀን አዛወርናት።

በመጨረሻው ዕቃ የተዘራችው ችግሯ ውኃ ነው። 15 ሊትር አፈር ውስጥ ያለች የጣት ጥፍር የምታህል ችግኝ ያን ሁሉ ውኃ መጠጣት አትችልም። ስለዚህ ሙሉውን ዕቃ አላጠጣንም፤ በዙሪያዋ የቡና ስኒ ማስቀመጫ በሚያህል ክብ ብቻ ጥቂት ጥቂት አርከፈከፍን፤ ክቡን እያደገች በሄደች ቁጥር አሰፋነው። ውኃ መስጠትና አለመስጠቱን የምንወስነው ዕቃውን አንሥተን ነው። ሴት ልጅ እንስራ ስታነሣ ሙሉና ጎዶሎውን በጀርባዋ እንደምታውቀው፣ ዕቃው ሲቀል ይታወቃል። የላዩ አፈር መድረቁን ብቻ አይቶ ማጠጣት አያስተማምንም።

ሁለተኛዋን ስናዛውር የሆነውን ሁሉ እጽፋለሁ፤ ያ አንባቢ የሚያስፈልገው ይኼ ነው። በዋዜማው ማታ አጠጣናት፤ ደረቅ አፈር ከኩባያው ሲወጣ ይበተናልና። ትልቁን ዕቃ ስንሞላ ያንኑ የሚያህል ባዶ ኩባያ መሃሉ ላይ አስቀምጠን በዙሪያው አፈር ሞላን፤ ሳንጠቀጥቅ በእጅ ብቻ ጫን አደረግነው። ባዶው ኩባያ ሲወጣ ልክ የችግኟ ቤት የሚያህል ጉድጓድ ቀረ። ከዚያ ግንዷን በጣቶቼ መሃል አሳልፌ መዳፌን አፈሩ ላይ አሳረፍኩ፤ ገለበጥኩ፤ ልጁ የኩባያውን ቂጥ መታ መታ ሲያደርገው አፈሩ እንዳለ ወጣ። ሥሩ ነጭ ሆኖ ጎኑ ላይ ይታያል፤ ገና አልዞረም። መዳፌ ላይ አንድ አፍታ ብቻ አቆየኋት። ግንዷን አልጨበጥኩም፤ ግንድ ከተቀጠቀጠ አይተካም፣ መያዝ ግድ ከሆነ ቅጠል ይያዛል። ጉድጓዱ ውስጥ አስገባኋት፤ ቀድሞ ከነበረችበት ጥልቀት አላሳለፍኳትም። ዙሪያዋን ለብ ባለ ውኃ አጠጣን፤ ልጁም መብራቱን ከፍ አድርጎ ለአንድ ቀን አራቀላት። በማግስቱ ጧት ቅጠሎቿ ቀጥ ብለው ተነሥተው ነበር። ልጁ ሳይሰማኝ ፎቶ አንሥቶኛል፤ መዳፌን ዘርግቼ ስስቅ።

በአዝመራው መጨረሻ ያልተዛወረችው ከሌላዋ በአንድ ጋት ያህል ትበልጥ ነበር። ሁለት ተክል ብቻ ስለሆነ ዳኝነት ለመስጠት ያንሳል፤ ግን ለጀማሪ የምመክረው ቢቻል በመጨረሻው ዕቃ ውስጥ መዝራት ነው፤ በኩባያ ከጀመረ ደግሞ ከ10 እስከ 14 ቀን ባለው ጊዜ፣ ሁለተኛው ጥንድ እውነተኛ ቅጠል (መጀመሪያ ከዘሩ የሚወጡት ሁለት ለስላሳ ቅጠሎች አይቆጠሩም) ሲወጣ፣ አንድ ጊዜ ብቻ ማዛወር። ለመጀመሪያዎቹ ሦስት ሳምንታት ማዳበሪያ አይጨምር።

ስለ ሕጉ ዝም ብላችሁ ማለፋችሁ ከአፈሩ ይልቅ አሳስቦኛል። ሜሪላንድ ውስጥ የተፈቀደው ዕድሜው 21 የሞላ ሰው ለራሱ ሁለት ተክል ነው፤ ሁለቱም ለአንድ ቤት እንጂ ለአንድ ሰው አይደለም፤ ባልና ሚስት ስለሆኑ አራት አይሆንም። የወንድሜ ልጅም መጀመሪያ አራት ዘር ሊዘራ ነበር፤ ሁለቱን አስቀረሁት። ከመንገድ መታየት የለበትም፣ ልጆች ሊደርሱበት አይገባም፣ ተከራይ ከሆነ የባለቤቱ ፈቃድ ያስፈልገዋል። ቨርጂንያ ከ2021 ጀምሮ ለአንድ ቤት አራት ትፈቅዳለች፣ እያንዳንዱ ተክል ላይ የባለቤቱ ስምና የመታወቂያ ቁጥር ያለበት ምልክት ይንጠለጠላል። ዋሽንግተን ዲሲ ከ2015 ጀምሮ ለአንድ አዋቂ እስከ 6፣ ከእነሱም የደረሱት ከ3 ሳይበልጡ። ወንዝ በተሻገራችሁ ቁጥር ሕጉ ይለያያል።

ከሁሉም በላይ ግን የፌዴራሉ ሕግ አሁንም ይከለክላል፤ ኢሚግሬሽን ደግሞ የሚሠራው በፌዴራል ሕግ ነው። የዜግነትና የኢሚግሬሽን መሥሪያ ቤቱ በኤፕሪል 2019 ባወጣው መመሪያ፣ ስቴቱ ፈቅዶም ቢሆን ከማሪዋና ጋር የተያያዘ ድርጊት ለዜግነት የሚጠየቀውን የመልካም ጠባይ መመዘኛ ሊያሳጣ እንደሚችል በግልጽ ጽፏል። ጋዜጣችሁን የሚያነበው ሰው ብዙው ግሪን ካርድ ያለው፣ ጥገኝነት የጠየቀ፣ ወይም ጉዳዩ በእንጥልጥል ያለ ነው። እንዲህ ያለ ሰው "ሜሪላንድ ፈቅዳለች" ብሎ አንዲት ችግኝ ቤቱ ቢያበቅል፣ ፎቶዋንም ስልኩ ላይ ቢይዝ፣ ሃያ ዓመት የደከመበትን ነገር አደጋ ላይ ይጥላል። ዜጋ ያልሆነ ሰው ዘሩንም አይንካ፤ ጥያቄ ካለው የኢሚግሬሽን ጠበቃ ያማክር። በመንግሥት ድጎማ ቤት የሚኖርም እንዲሁ፤ የቤቱ ደንብ የፌዴራል ነው። አገር ቤት ለዘመድ ዘር ልላክ የሚል ደግሞ የኢትዮጵያ የወንጀል ሕግ አንቀጽ 525 ማምረቱንም መያዙንም እንደሚቀጣ ይወቅ።

ይህን ሁሉ ከመጻፌ በፊት የሚያውቁኝ ሰዎች ምን ይላሉ ብዬ ሁለት ቀን አሰላስያለሁ፤ ስለዚህ ስሜን እንዳታወጡት እለምናለሁ። ማረሚያውን ግን በሚቀጥለው ቅዳሜ እትም አውጡልኝ፤ እንዳይዘገይ። ያ አንባቢ ዘሩ እንደበቀለለት ሲጽፍላችሁ ጥቂት ቀን ቢሆናት ነው፤ አሁን ሁለት ሳምንት እየሞላት ነው። ዜጋ ከሆነ፣ ቤቱም የራሱ ከሆነ፣ ወር ተኩል እስኪሞላት አይጠብቅ። ጋዜጣው በደረሰው ዕለት ኩባያዋን አንሥቶ ከታች በቀዳዳው ይመልከት፤ ነጭ ሥር ብቅ ብሎ ካየ ያን ማታ ያጠጣትና በማግስቱ ጧት፣ ሥሩን ሳይፈታ፣ ያዛውራት።

አክባሪያችሁ፣
ከሲልቨር ስፕሪንግ፣ ሜሪላንድ